«ቦርሳዬን» ብዬ ተረጎምኩት

ከአንዲት አንባቢ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚያሳብቁ ነገሮችንም በፈቃዷ አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

27 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ መጠጥ ካቆመ በሚቀጥለው ወር 20 ዓመት ይሞላዋል። የሚሄድበት የኤኤ ቡድን (ጠጪዎች መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው) ድግስ እያዘጋጀለት ነው። የ20 ዓመት ሜዳሊያውን እኔ እንድሰጠውና ሁለት ቃል እንድናገር ጠይቀውኛል። እዚያ ክፍል ያሉት ትልልቅ ሰዎች ከ7 ዓመቴ ጀምሮ ያውቁኛል። «ልጃችን» ነው የሚሉኝ።

እናቴ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት የማታ ፈረቃ ትሠራ ነበር። አባቴ ዲሲ ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው። ለቤቢሲተር የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም። ስለዚህ አባቴ ማታ ማታ ሚቲንግ፣ ማለትም የኤኤ ስብሰባ፣ ሲሄድ ይዞኝ ይሄዳል። በሳምንት አራት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት። እናቴ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት የጃኬቴን ዚፕ እየዘጋችልኝ «አደራሽን፣ ሌላ ቦታ እንዳይገባ» ትለኛለች።

ያደግሁት የፈረንጅ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ታጣፊ ወንበር እዘረጋለሁ። አባቴ ቡና ያፈላል፤ እስከ ዛሬም የቡድኑ ቡና አፍይ እሱ ነው። እኔ የወረቀት ኩባያ እደረድራለሁ። የሚያለቅስ ሰው ካለ ሶፍት አቀብላለሁ። ጥግ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ስሠራ አንዱ ሚስቱን እንዴት እንደደበደበ ያወራል። ሲያልቅ ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልያለን።

የአባቴ እንግሊዝኛ ያኔ ደካማ ነበር። 8 ዓመቴ ላይ አስተርጓሚው ሆንኩ። እሱ ቆሞ በአማርኛ ይናገራል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ በእንግሊዝኛ እላለሁ። ሰዎቹ ያለቅሳሉ። ከዚያ ያጨበጭባሉ፤ ኩኪስ ይሰጡኛል።

9 ዓመቴ ላይ አንድ ማታ እንዲህ አለ፦ «ልጄን መኪና ውስጥ ትቼ ቡና ቤት ገባሁ። ብርድ ነበር። ስወጣ ሌሊት ሆኗል።» እትዬ፣ እኔ ያንን ሌሊት አስታውሰዋለሁ። ግን ሕልም ይመስለኝ ነበር። 5 ዓመቴ ነበር መሰለኝ። መስታወቱ በትንፋሼ ጉም ለብሶ በጣቴ ቤት ስሥልበት ትዝ ይለኛል። የሆነ ሰማያዊ መብራት ይበራል ይጠፋል። እውነት መሆኑን ያወቅሁት ለሰዎች ላስተረጉም አፌን ስከፍት ነው።

«ልጄን» ማለት አቃተኝ። «ቦርሳዬን» ብዬ ተረጎምኩት።

ሰዎቹ ሳቁ። ቦርሳ መኪና ውስጥ መርሳት ያስቃላ። አባቴ ለምን እንደሳቁ አልገባውም። ፊቱ ልውጥውጥ ሲል አየሁት። ከዚያ ወዲህ ያንን ታሪክ ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። እኔም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አባቴን እወደዋለሁ። ግን ያንን ክፍል ሳስብ ሆዴ ይረበሻል። ዛሬም ስስመው እያሸተትኩት ነው። 20 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን የመጠጥ ሽታ የለም። ማሽተቱን ግን አልተውኩም። ስናደድበት ደግሞ እፈራለሁ። እዚያ ክፍል «ቂም ጠጪን ይመልሰዋል» ሲሉ ነው የሰማሁት። እናቴ «ምስጋናሽን ተናገሪና ዝም በይ፤ የቤታችንን ገበና ምን አስወጣሽ» ትላለች። ሰዉ ሁሉ የታደልሽ ነሽ ይለኛል።

ልሂድ ወይስ ልቅር? ብሄድስ ምን ልበል? ምስጋና ቢስ ልጅ ነኝ እንዴ?

አስተርጓሚዋ»

የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ሳነበው ቀናሁብሽ።

የኔም አባት ይጠጣ ነበር። እሱ ግን አላቆመም። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። ማታ የአጥር በሩ መቀርቀሪያ ሲነሳ ስንት መለኪያ እንደወሰደ በድምፁ ብቻ አውቅ ነበር። መቀርቀሪያው ቀስ ብሎ ከተነሳ ደህና ነው። ሁለት ሦስቴ ከተንኳኳ ደብተሬን ሰብስቤ ጓዳ እገባለሁ። «ና ተቀመጥ፣ ተናገር፣ ነገም ተመለስ» የሚል ክፍል አላጋጠመውም። ጠበልም ሄዷል፣ ስዕለትም ተስሏል፣ ሽማግሌም ገብቷል። መጨረሻው ጉበቱን ነው የጨረሰው። ስለዚህ «20 ዓመት» የሚለውን ሳይ «ምነው እኔ በሆንኩ» አልኩ።

ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው አፈርኩ። የተሰማኝ ነገር ልክ ያ ሁሉም ሰው የሚልሽ ነው። «የታደልሽ!» የታደልሽ የተባለ ልጅ ደግሞ ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ያለቅሳል?

ሦስተኛው ላይ «ቦርሳዬን» የምትለው ቃል ጋ ቆምኩ። ከዚያ ማለፍ አልቻልኩም።

ምስጋና ቢስ አይደለሽም። ይሄን በመጀመሪያ ልበልሽና ወደ ነገሩ ልግባ። ያ ክፍል አባትሽን አድኖታል። አንቺ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ብቻሽን ነው ያደግሽው። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ለመናገር ሌላውን መካድ አያስፈልግሽም።

ክፍሉ የተሠራው ለጠጪው ነው። ይሄን ስል ለማጥላላት አይደለም። አጀማመሩም እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ፣ አክሮን በምትባል ከተማ፣ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። ቢል ዊልሰን የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ነው፤ ካቆመ ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ ሊመለስበት ግን ጫፍ ላይ ነው። ቦብ ስሚዝ የከተማው ቀዶ ሐኪም ነው፤ ገና እየጠጣ ነው። ሲያወሩ አንድ ነገር አገኙ። ጠጪን የሚረዳው ጠጪ ነው። ሐኪሙም፣ ቄሱም፣ ሚስትም ያላቆሙትን ሰው ሌላ ጠጪ ቁጭ ብሎ ሲያወራው ያቆማል። ኤኤ ከዚህ ወጣ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ይሄዱበታል።

ሚስቶች አብረው ይመጡ ነበር። እነሱም ቁስል እንዳላቸው የታየው ቆይቶ ነው። የቢል ሚስት ሎይስ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ሆና ለቤተሰብ የሚሆነውን አል-አኖንን የመሠረተችው በ1951 ነው። ልጆቹስ? የልጆቹ አላቲን የተጀመረው በ1957 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። የጀመረው ማን መሰለሽ? የ17 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ኤኤ፣ እናቱ አል-አኖን ይሄዱ ነበር። ለአባት ቦታ አለ፣ ለእናት ቦታ አለ፤ እሱ ግን የት ይሂድ? ስለዚህ ራሱ ጀመረው።

እስቲ ከ1935 እስከ 1957 ቁጠሪው። 22 ዓመት ነው። ለልጆች ወንበር እስኪዘረጋላቸው 22 ዓመት ፈጀ፤ የዘረጋውም ልጅ ነው። እነዚያ በአላቲን ያደጉ ልጆች ራሳቸው ትልቅ ሲሆኑ ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ የራሳቸውን ስብሰባ አቋቋሙ። ያ ነው ዛሬ አካ የሚባለው፣ ጠጪ ቤት ላደጉ አዋቂዎች የሆነው። አንቺ 20 ዓመት ሙሉ ለሌላው ሰው ወንበር ዘርግተሻል። ያንቺ ወንበር እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ሆድሽን የሚረብሽሽ ነገር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ቂሙ። ይሄ በጣም አሳስቦኛል።

እዚያ ክፍል ስለ ቂም የሚባለው ለጠጪው ትክክል ነው። ብዙ ጠጪ ቂሙን እያመነዠከ ነው ወደ ጠርሙሱ የሚመለሰው። «እሷ እንዲህ አድርጋኝ፣ አለቃዬ እንዲህ ብሎኝ» እያለ። ስለዚህ ቂምህን አራግፍ ይሉታል። መድኃኒቱ ነው። ግን ያ መድኃኒት ለአባትሽ የታዘዘ ነው። ጥግ ላይ ሒሳብ የምትሠራ የ9 ዓመት ልጅ ስትሰማው ሌላ ነገር ሆነ። «እኔ ከተናደድኩ አባቴ ይጠጣል» ሆነ። የትልቅ ሰው ክኒን ልጅ ዋጠችው። ከዚያ ወዲህ ንዴትሽን እንደ እሳት ታዳፍኚዋለሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ያዢልኝ። አባትሽ 20 ዓመት የቆየው አንቺ ዝም ስላልሽ አይደለም። ዝናብ እየዘነበ፣ በረዶ እየጣለ፣ ከሥራ ደክሞት እየወጣ በሳምንት አራት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት ቀን ስለሄደ ነው። ስልክ የሚደውልለት ስፖንሰር፣ ቀድሞት ያቆመ መካሪ፣ ስላለው ነው። እኛ ለንስሐ አባት እንኳ የማንናገረውን ለሰው ስለተናገረ ነው። ሥራው የሱ ነው። ክብሩም የሱ ነው። አንቺ ጠባቂው አልነበርሽም።

ግን ነበርሽ፤ አይደል? እናትሽ ዚፕሽን እየዘጋች «አደራሽን» ስትልሽ ነበርሽ። በኛ ቋንቋ ይህች ቃል ቀላል አይደለችም። ሰው ሌላ ስድብ ይረሳል፤ «አደራ በላ» የተባለ ግን አይረሳም። 7 ዓመት ላለች ልጅ አደራ ብሎ አባቷን መስጠት ምን ማለት ነው? አንድ ቀን ቢጠጣ አደራ የበላችው እሷ ናት ማለት ነው። አንቺ እኮ ስትስሚው የምታሸቺው ለዚህ ነው። ከአደራው ያወረደሽ ሰው የለም። 20 ዓመት ሙሉ «በቃ ልጄ፣ ፈረቃሽ አልቋል» ያለሽ የለም።

በእናትሽ አልፈርድም። ማታ ማታ የሰው አዛውንት እያገላበጠች፣ ባሏ የት እንዳለ ሳታውቅ የምታድር ሴት ናት። ሌላ የምትልከው ሰው አልነበራትም። ዛሬም «ዝም በይ» የምትልሽ እሷንም ዝምታው ስላቆያት ነው። ዝም አይነቅዝም ሲባል አድገናል። በልጅ ሆድ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ዝምታም ይነቅዛል፤ በራሴ አይቼዋለሁ።

ደግሞ ያንቺ ዝምታ ከኔ ይለያል። እኔ ቤት ነገሩ በየትኛውም ቋንቋ አይወራም ነበር። አንቺ ግን እሁድ እሁድ በአማርኛ ትደብቂያለሽ፤ ሰኞ ማታ በእንግሊዝኛ ታውጂያለሽ። ቤተክርስቲያን ነጠላሽን ለብሰሽ «አባትሽ ደህና ነው?» ሲሉሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትያለሽ። በማግስቱ ሚቲንግ ላይ አባትሽ አጠገብ ቆመሽ እንዴት እንደወደቀ፣ የት እንደተኛ ለ30 ፈረንጅ ትናገሪያለሽ። የአንድ ቤት ገበና፣ ሁለት ቋንቋ፣ አንዲት ልጅ። ለምን እንደደከመሽ ለራስሽ ማስረዳት ካቃተሽ ከዚህ ጀምሪ።

እሺ፣ ወደ ቦርሳው።

አስተርጓሚ የሌላውን ቃል በ«እኔ» ነው የሚናገረው። «እኔ ጠጣሁ፣ እኔ ሰረቅሁ፣ እኔ መታሁ።» የ8 ዓመት አፍ ይሄን ሲል እንደነበር ሳስብ ይከብደኛል። በዚያ ማታ ደግሞ «እኔ ልጄን ትቼ ሄድኩ» ማለት ነበረብሽ። ልጅቷ ራስሽ ነሽ። የተተወችውም አንቺ፣ «ተውኳት» የምትለውም አንቺ። ማንም ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር በአፉ ይዞ መቆም አይችልም። ስለዚህ ራስሽን ከመኪናው ውስጥ አወጣሽና በቦታሽ ቦርሳ አስቀመጥሽ።

ይሄን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፤ አልደብቅሽም። እንዴት ያለ ብልህ ልጅ ነበርሽ! ያንን ሌሊት ያዳነሽ ማንም አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ ራስሽ ነሽ መጥተሽ ያዳንሽው።

ውሸት ነው ብለሽ 18 ዓመት ተሸክመሽዋል። የሳቁት ባንቺ ምክንያት ነው ብለሽ፣ አባትሽ ያፈረው ባንቺ ምክንያት ነው ብለሽ። እህ፣ እስቲ ነገሩን ከሱ በኩልም እንየው። አንድ ሰው የሕይወቱን ትልቁን ኃጢአት አውጥቶ ተናገረ። ክፍሉ ሳቀ። ለምን እንደሳቁ አያውቅም። ምናልባት 18 ዓመት ሙሉ እነዚያ ሰዎች በልጁ መተው እንደሳቁ ያምናል። ደግሞ እዚያ ክፍል ሰዎች በራሳቸው ስካር መሳቅ የተለመደ ነው፤ «እንዲህ ነው እንግዲህ» ብሎ ይሆናል። ምናልባት ያንን ታሪክ ድጋሚ ያላነሳው ለዚህ ይሆናል። አባትሽም አንቺም በአንድ ሳቅ ሁለት በኩል ቆማችሁ ቀርታችኋል።

ኤኤ ውስጥ ጠጪው አንድ በአንድ የሚያልፍባቸውን 12ቱን ደረጃዎች ከኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ። 8ኛው የበደልካቸውን ሰዎች ዝርዝር ጻፍ ይላል። 9ኛው ሂድና ካሳቸው ይላል፤ መካሱ ራሱ የሚጎዳቸው ካልሆነ በቀር። አባትሽ እናትሽን እንደካሰ፣ አለቃውን እንደካሰ እገምታለሁ። አንቺ ዝርዝሩ ላይ ነበርሽ ወይ? ብዙ ወላጆች እዚህ ጋ ይሳሳታሉ። በክፉ አስበው ላይሆን ይችላል። «ልጄማ አብራኝ ነበረች፣ ሁሉን ሰምታለች፣ ታውቃለች» ይላሉ። መስማትና መካስ ግን ለየቅል ናቸው። ለ30 ሰው የተነገረ ኑዛዜ ላንቺ የተነገረ ይቅርታ ሊሆን አይችልም። አጠገቡ ቆመሽ ስለነበር እንኳን አይሆንም። ፊቱ ወደ ወንበሮቹ ነበር እኮ።

ስለዚህ ከድግሱ በፊት ከአባትሽ ጋር ለብቻችሁ ተቀመጡ ነው የምልሽ። ስልክ ላይ አይሆንም። መኪና ውስጥም አይሁን፤ ይሄን ለምን እንደምል ይገባሻል። ንግግሩም በአማርኛ ይሁን። ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ «አባዬ፣ 9 ዓመቴ ላይ አንድ ማታ ስለ መኪናው ተናግረህ ነበር። በትክክል አልተረጎምኩልህም። የሳቁት ለዚያ ነው።»

ከዚያ ዝም በይ። እሱ ይናገር።

ያለቅስ ይሆናል። ሲያለቅስ እጅሽ ሶፍት ፍለጋ ይሄዳል፤ አውቃለሁ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሥራሽ ነው። አትስጪው። ራሱ ተነስቶ ያምጣ። «ምንም አይደል አባዬ፣ አልፏል» ልትዪ ይቃጣሻል። ካላለፈ አትበዪ። ምናልባት ይቆጣ ይሆናል፤ «20 ዓመት ሙሉ ምን ጎደለሽ» ሊል ይችላል። ያኔ ተከራክረሽ አትርቺው፤ ደግሞም አትሸነፊ። «የነገርኩህ እንድታውቀው ነው» ብለሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ሁለት ሦስት ቀን ይብላላበት። ስፖንሰሩ ጋ ይደውላል። ሚቲንግ ይሄዳል። እነዚያ ሰዎች ለዚህ ነው ያሉት፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን። ያን ምሽት እሱን የመጠበቅ ሥራ የነሱ ይሁን።

አንቺም ብቻሽን አትሁኚ። አል-አኖን ወይ አካ ሂጂ። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ስለሚካሄዱ ቤትሽ ሆነሽ፣ ካሜራሽን ዘግተሽ ልታዳምጪ ትችያለሽ። «ደግሞ ሚቲንግ!» እንደምትዪ ይገባኛል። ወንበሩን ስታዪው ሊያስጠላሽ ይችላል። እኔ መጀመሪያ አል-አኖን የሄድኩት 41 ዓመቴ ላይ ነው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት «መኪና ግቢ ሲገባ እስካሁን ሆዴ ይጨብጣል» ስትል የኛ ቤት መቀርቀሪያ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እዚያ አንድ አባባል አላቸው፦ እኔ አላመጣሁትም፣ ልቆጣጠረው አልችልም፣ ላድነውም አልችልም። በ7 ዓመትሽ ይሄን የነገረሽ ቢኖር ኖሮ። ሚቲንግ ጨርሶ ካልሆነልሽም ጠጪ ቤት ካደጉ ሰዎች ጋር የሚሠራ አማካሪ ፈልጊ። አማርኛ የሚችል ብታገኚ ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ነገር በተወለደበት ቋንቋ ካልተነገረ አይወጣም።

እንግዳ ነገር የደረሰብሽም እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሳን ዲዬጎ ከ17,000 በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው የተጠየቁበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ መውጣት ጀመረ። ከአራቱ አንዱ ያህል ጠጪ ወይም የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ባለበት ቤት እንዳደገ ተናግሯል። ጥናቱ ያንን ከመደብደብ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ነው የቆጠረው፤ በልጅነት የደረሰ ጉዳት ብሎ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየባቡሩ አጠገብሽ የሚቀመጠው ሰው አባቱን ሲስም የሚያሸት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ይሄን የሚያነቡ ወላጆች ካላችሁ አንድ ነገር ልናገር። ልጃችሁን ይዛችሁ የምትሄዱት ሌላ ምርጫ ስለሌላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ከመጠጣት ይዞ መሄድ ይሻላል፤ መቶ ጊዜ ይሻላል። ግን ሚቲንግ ሁለት ዓይነት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ለጠጪዎች ብቻ የሆነ ዝግና ማንም የሚገባበት ክፍት። ልጅ የሚያዝ ከሆነ ክፍቱን ምረጡ። ልጅ የሚጠበቅበት ክፍል ያላቸው ቡድኖች አሉ፤ ጠይቁ። ልጁ ተኝቶ በስልክ የሚገባበትም አለ። ፍርድ ቤት አስገድዶት፣ ወረቀት ለማስፈረም ብቻ የመጣ ሰው እዚያው እንደሚቀመጥ አትርሱ። ስለዚህ ልጃችሁን «ሁሉም ቤተሰብ ነው» ብላችሁ ለማንም አትልቀቁ። ዕድሜው ከደረሰ አላቲን ውሰዱት፤ እዚያ የሚያወሩት ልጆች ናቸው። ስለ ልጃችሁ ከመናገራችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት። ታሪኩ የሱም ነው። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ እባካችሁ በፍጹም አይሁን። ሐኪም ቤትም፣ ፍርድ ቤትም፣ ሚቲንግም። አማርኛ የሚችል ትልቅ ሰው ፈልጉ። ካልተገኘ በአማርኛችሁ ተናገሩና ተቀመጡ። እዚያ ክፍል ያሉት ሰዎች እንባን ያለ አስተርጓሚ ያውቁታል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ልሂድ ወይስ ልቅር አልሽ።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ንግግሩን ተይው። አባትሽ ከካሰሽም፣ ካልካሰሽም ተይው። ለነዚያ ትልልቅ ሰዎች «ደስ ይለኛል፣ ግን አልናገርም» በያቸው። አይቀየሙሽም። ኩኪስ የሰጡሽ ከልባቸው ነው፤ የሚወዱሽም ከልባቸው ነው፤ ያንን ፍቅር አትጣዪው። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ቆመሽ የሌላ ሰው ቃል ስትናገሪ ነው የኖርሽው። አሁን ደግሞ «አባቴ ጀግናዬ ነው» የሚል ተጽፎ የተሰጠሽ የሚመስል ቃል ልትናገሪ ነው። እሱም ትርጉም ነው። በቃሽ።

ሜዳሊያውን መስጠት ሌላ ነው። እሱን ከአባትሽ ጋር ከተቀመጣችሁ በኋላ እጅሽ ይንገርሽ። ልትሰጪው ከፈለግሽ ስጪው፤ ሄደሽ ኋላ ተቀምጠሽ ማጨብጨብም ይቻላል። ቤትሽ ሆነሽ እንኳን አደረሰህ ብለሽ መደወልም ይቻላል። 20 ዓመቱ በየትኛውም መንገድ የሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አባትሽ 20 ዓመት ሙሉ ለዚያ ቡድን ቡና ያፈላው እሱ ነው ብለሻል። ቤት ውስጥ የምታፈዪው ግን አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም። ከሱ ጋር ለብቻችሁ በምትቀመጡበት ቀን አታፍዪ። ረከቦት አቅርበሽም አትጠብቂው። እሱ ይቁላ፣ እሱ ያፍላ፣ እሱ ይቅዳልሽ። አንቺ ተቀመጪ።

እትዬሽ